አይጣልም እና የቀኝ ጎማው

ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ አትክልት በብስክሌት እያዞረች የምትሸጥ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። የፊት ጎማዋ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ከጎማው እምብርት ወደ ቸርኬው፣ ወደ ክቡ ብረት፣ ከተወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። እኔ ከሥራ ስመለስ ፀሐዩ በርትቶብኝ ከግንብ ሥር አረፍ ብዬ ስለነበር፣ ያየሁትን ያየሁት እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

አንድ ሽበታም ሰው በብስክሌት መጥቶ አለፋት። ከዚያ ፍሬን ያዘና ተመለሰ። ተንበርክኮ ጎማዋን አዞረ፤ የተበጠሰውን ሽቦ በስንዝሩ ለካ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ምንም የለም። ጥቂት አሰበና የራሱን ብስክሌት በኮርቻው ገልብጦ አቆመ። ከራሱ የፊት ጎማ አንድ ሽቦ ፈትቶ አወጣ። ያንን የእሷ ጎማ ውስጥ አስገብቶ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ አጠበቀና ጎማውን አሽከረከረው። ቀጥ ብሎ ዞረ።

"የእርስዎስ ጋሼ?" አለችው።

"የኔ ብዙ አለው፤ አንድ ቢጎድልበት አያኮርፍም። ሸክም ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ሂጂ።"

"እግዜር ይስጥልኝ! ትንሽ ሽንኩርት ልስጥዎት?" እያለች ከኋላው ስትጣራ፣ ዞር ብሎም ሳያያት ብስክሌቱን አቅንቶ ሄደ። ኩሩ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

"ማን ናቸው?" አልኳት።

"አይጣልም ነዋ! አያውቁትም እንዴ? ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። የዛገ ሚስማር ቢያሳዩት እንኳ 'ይሄማ አይጣልም' ነው የሚልዎት። ሚስቱ ምን ትላለች መሰልዎት? 'እኔንም እስካሁን ያልጣለኝ በዚሁ አመሉ ነው'!" ብላ ሳቀችና ቁልቁል ወረደች።

ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። በሰፈራችን ሰው ከተረፈው ይሰጣል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከሚጓዝበት ጎማ ላይ ፈትቶ የሚሰጥ ግን አይቼ አላውቅም። እቤቴ ግድግዳ ላይ መኪና የረገጠው የብስክሌቴ የፊት ጎማ ተሰቅሎ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እሱን ይዤ ሄድኩ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል አልጋ፣ በበሩ በኩል ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ የአሮጌ ብስክሌት ሹካ ተገልብጦ በሚስማር ተመትቷል። ጎማ እዚያ መሃል ገብቶ ይሽከረከራል፤ ከሹካው ጎን የታሰረች አንዲት የክብሪት እንጨት ደግሞ ጎማው ወዴት እንደሚያዘነብል ታሳያለች። ግድግዳው ሙሉ ሽቦ ነው፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ እየታሰረ ተንጠልጥሏል። አልጋው ላይ ሚስቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከግርጌዋ ዊልቸሯ ቆሟል። ቀኝ ጎማው የለም፤ በእሱ ፋንታ ጡብ ተደግፎለታል።

"ጎማ መሥራት አቁሜያለሁ" አለኝ ሰውየው፣ ገና የያዝኩትን ሲያይ። "ፍሬን ከሆነ እሺ፤ ካቴና ከሆነ እሺ። ጎማ ግን የሚስቴን ብቻ ነው የምሠራው።"

እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኑ ከያዝኩት ጎማ ላይ አልተነሳም። ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው።

"ቸርኬው ሞቷል፤ ነፍስ ይማር። ሽቦው ግን ገና ነፍስ አለው። ይሄማ አይጣልም!"

"እንግዲያው ይውሰዱት ጋሼ።"

"ምን አልክ?"

ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ፊቱ በራ።

"አንተ ሰውዬ፣ እንግዳውን ቁጭ በል አትለውም?" አለች ሚስቱ። ድምጿ እንደ ክር የቀጠነ ነው። እሱ ሽቦውን ማገላበጡን ቀጠለ። እሷም ወደ እኔ ዞረችና "ተቀመጥ ወንድሜ። እዚህ ቤት የገባ ሽቦ ተመልሶ አይወጣም፤ ደህና ሁን በለው" አለች። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ጎማውን አብረን ፈታነው። እሱ ዳዶውን ያላላል፤ እኔ ሽቦውን እስባለሁ። የሳብኩትን አንድ ላይ ሳከማች እጄን ያዘኝ።

"አይ፣ አይ! እንዲህ አትደባልቃቸው። ይኸውልህ፣ እያንዳንዱ ሽቦ እምብርቱ ጋ ሲደርስ አንገቱን ይሰብራል። ግማሹ ከውስጥ ወደ ውጭ የገባ ነው፤ ግማሹ ከውጭ ወደ ውስጥ። ዕድሜ ልኩን አንገቱን በለመደው በኩል ሰብሮ ኖሯል። ዛሬ ተነስተህ በሌላው ጎን ብታስገባው እሺ ይልሃል፤ እየዋለ እያደረ ግን አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል። አሮጌ ሽቦ የሚከዳው ስላረጀ አይደለም፤ ቦታውን ስላስለወጡት ነው።"

"የሰውም አንገት እንደዚያው ነው" አለች ሚስቱ። ለዚህም መልስ አልሰጣትም።

እየፈታን ኑሮውን አጫወተኝ። ዕድሜውን የፈጀው በአንድ የብስክሌት መሥሪያ ቤት ነው። ጎማ መወጠር ያስተማረው አለቃው ዓይኑን በጨርቅ እያሰረ፣ ሽቦዎቹን በጥፍሩ እያስነካ ነበር። ልክ የተወጠረ ጎማ ሽቦዎቹ ሲነኩ በየጎኑ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ፤ የላላው ይወፍራል፤ የጠበቀው ይቀጥናል። "ዓይን ሽንገላ ይወዳል፤ ጆሮ አይሸነገልም" ይለው ነበር አለቃው። በኋላ ጎማ ተሠርቶ ያለቀለት በካርቶን ይመጣ ጀመር፤ መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ። እሱ ያንን ሹካና ያንን ጆሮውን ይዞ እቤቱ ገባ። እሱ የሚሠራው ዓይነት ቸርኬና ሽቦ ዛሬ አዲስ አይመጣም። ከተገኘ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ነው።

ሚስቱ ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ባለው የልጃቸው የልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር። ሕመም እግሯን ሲወስድባት እሱ ከብረት በያጅ ጋር ሆኖ ዊልቸሩን ሠራላት። ሁለቱን ጎማዎች ከብዙ የሞቱ ጎማዎች ሽቦ ለቅሞ ወጠረ። ጠዋት ቁልቁል ይሸኛታል፤ ማታ ሽቅብ ይገፋታል። ስፌት ቤት እየዋለች ቁልፏን ትተክላለች፤ ከደንበኛ ጋር ትቀልዳለች። "ከታመምኩ ወዲህ ነው ይበልጥ የታወቅሁት" ትል ነበር አሉ። ታዲያ በቅርቡ የቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ስትደርስ ቀኝ ጎማው እንደ ወረቀት ታጠፈ። ድንጋዩ ላይ ወደቀች፤ እጇም ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ በሠራው ጎማ አልቀመጥም ብላ ከአልጋዋ አልወረደችም። ታላቅ እህቷ ከስምንት ቀን በኋላ፣ እሁድ፣ በመኪና መጥታ ልትወስዳት ነው፤ ለወር ወይም ለሁለት ወር አይደለም፤ ጠቅልላ።

"አሁን ባንተ ሽቦ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ" አለኝ ሲሸኘኝ። "ልክ ከሆነላት ትቀመጣለች። ከተቀመጠች ትቀራለች።"

ሳምንቱ ሲጋመስ፣ ጎማው ደርሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰዎች እህላቸውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እነ አይጣልም ቤት ስገባ ጎማው ሹካው ላይ ወጥቷል። ሰውየው አዞረው፤ ክብሪቷን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ዞረ። ልቤ ደስ አለው።

ከዚያ ሽቦዎቹን በጥፍሩ እየነካ ይዞር ጀመር። ትን... ትን... ትን... ድም። እኔ ጎማ መወጠር አላውቅም፤ ግን ያቺን "ድም" ማንም ይሰማታል። ዓይኔን አነሳሁ። እሱ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አለፈ። ትን... ድም... ትን። "ልክ ነው" አለ።

"ልክ አይደለም" አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። መልስ ስታጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠበቀችና ጠራችኝ።

"ሰምተሃል አይደል?"

"ምኑን እትዬ?"

"ተው እባክህ፤ ልጅ አይደለህም። እኔ ማታ ማታ እቤት ጎማ ሲሠራ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ልክ ሲሆን በድምፁ ልጄን አስተኝቻለሁ። አሁን ይህን የመሰለ ዝብርቅርቅ እየሰማ 'ልክ ነው' ይለኛል። እያወቀ! ያን ቀን ስወድቅም እያወቀ ነው ያስቀመጠኝ።"

"ኧረ እትዬ፣ እንዴት አውቀው..."

"ስጠራው አይዞርም። ውሃ ስለው ዝም ይላል። ስቀልድ እንኳ አይስቅልኝም። ድሮ እኮ እኔ አፌን ሳልከፍት የሚስቅ ሰው ነበር።" በደህናው እጇ አንሶላውን ጨመደደች። "ክፉ ሰው አይደለም፤ አፍ አውጥቶ 'ሰለቸሽኝ' አይለኝም። እጁ ግን 'በቃኝ' ብሏል። ሸክም መሆኔ ጠፍቶኝ ነው? ምነው በተቆጣኝ! በሰደበኝ! ይሄ ዝምታው ነው አንጀቴን የሚበላው። ልሂድለት፤ እሱም ይረፍ።"

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እዚያ ጋ የሚባል አንድ ቃል ግን አልመጣልኝም። በልቤ "ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ሰዎች እያቸው" አልኩ፤ እሱኑ ደጋገምኩ።

ስወጣ ሰውየው እስከ ግንቡ ድረስ ሸኘኝ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። "ጋሼ፣ አንዳንዱ ሽቦ አልላላም?" አልኩት ለስለስ አድርጌ። አልመለሰልኝም። ደገምኩት። ዝም። ሮጥ ብዬ ፊቱ ቆምኩና ስናገር አፌን አፌን አየኝ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ወፍጮ ነዋ! ሰው ያደነቁራል እኮ።"

ወፍጮው እንደቆመ ነበር። ሰዎቹ አሁንም እህላቸውን ተደግፈው በጸጥታ ተቀምጠዋል። እኔ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሳይ እሱም ዞሮ አየ። በሩ ላይ የተደረደረውን ሰው፣ የማይንቀሳቀሰውን የወፍጮ ቀበቶ። ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዴን ይዞ ከግንቡ ጀርባ ወሰደኝ።

"አትንገራት" አለኝ። "በፈጠረህ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ወቅቱ ይሆናል አልኩ። ከዚያ የሽቦው ድምፅ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የኔ ጭራሽ ቤት ለቆ ወጣ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ። አንተ ፊቴ ከሆንክ እሰማሃለሁ። ቀጭኑ ነው የሄደብኝ። እሷ ደግሞ ከታመመች ወዲህ ድምጿ ቀጠነ። እሷ እየቀጠነች፣ እኔ እየደነቆርኩ፣ መንገድ ላይ ተላለፍን።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"የነርቭ ነው፤ አይመለስም አለኝ። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ነገር አውሶኝ ሞከርኩት። ሁሉንም እንደ ቆርቆሮ ያንኳኳብኛል፤ ሽቦን ከሽቦ አይለይልኝም። መለስኩለት።"

"ታዲያ ያን ቀን..."

"በዓይኔ ነው የሠራሁት። አሮጌ ቸርኬ ትንሽ ጠመም ማለቱ አይቀርም። አንዱን ሽቦ እስኪያቃስት ወጥረህ፣ አጠገቡ ያለውን አላልተህ ቀጥ ልታደርገው ትችላለህ። ሲዞር የጥሩ ባለሙያ ሥራ ይመስላል። ጉዱን የሚያወጣው ድምፁ ብቻ ነው። በጣቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ፈትኜው ነበር፤ ጣት በጣም የላላውን ይለያል፤ ልክ የሆነውን ልክ ከሚመስለው ግን አይለይም። ልክ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ኩርባው ላይ ክብደቷ በጎኑ ሲጫነው ሽቦዎቹ አልያዙም።" ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "እሷ አሮጌ ሽቦ ጣለኝ ብላ ታስባለች። ታስብ። ሽቦውን ትርገመው።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ኃጢአት መስሎ ታየኝ። "ጋሼ፣ እትዬ የሚያስቡት እሱን አይደለም" አልኩት። የነገረችኝን ነገርኩት፤ እንዲሰማኝ ብዬ እያንዳንዱን ቃል ረገጥ እያደረግሁ። ስጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ሰለቸኋት? እኔ?" አለ።

"አይደለም። እሳቸው እርስዎን የሰለቹዎት ነው የመሰላቸው።"

"እኔ?!" ድንጋዩን በመዳፉ መታው። የአንድ ትልቅ ሰው ትከሻ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ማየት ከባድ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወፍጮ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳያዩን ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

"ይንገሯቸው ጋሼ" አልኩት በመጨረሻ። "እውነቱ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። እትዬ ደስ ነው የሚላቸው።"

"ደስ ይላታል፤ አውቃለሁ። ታለቅስና ደስ ይላታል። ከዚያስ? እህቷ እኮ የምትወስዳት 'ብትወድቂ ማን ይሰማሻል፣ እሱ ሲወጣ ሲገባ' እያለች ነው። 'ጆሮውም የለም' ብትባል እሁድን ትጠብቃለች? እውነቷንም ነው! ድንገት ብትታመምብኝና ብትጠራኝ ምን እሆናለሁ? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም፤ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው፤ ብትነቃ እንዳውቅ።" ወደ ቤቱ መስኮት አየ። "እግር የለኝም ብላ ስታለቅስ 'እግርሽ እኔ ነኝ' አልኳት። በዚያ ቤት አንድ እንኳ ደህና ሰው ይኑር ብዬ ነው የደበቅኳት። አሁን ብነግራት ትሄዳለች። ባልነግራትም ትሄዳለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ምን ላግባ?"

መብራቱ ተመልሶ ወፍጮው መጮኽ ሲጀምር ሰዎቹ ተንጫጭተው ተነሱ፤ እሱም ቀና ብሎ ድንገት ክንዴን ጨበጠኝ።

"ማንበብ ትወዳለህ አይደል? ከኪስህ መጽሐፍ ሲወጣ አይቻለሁ።"

"እወዳለሁ።"

"ነገ ጠዋት ና። ጎማውን አላልቼ እንደ አዲስ እወጥረዋለሁ። አንተ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ፤ ለእሷ ጀርባህን ሰጥተህ። መጽሐፍህን ግለጥና የምታነብ ምሰል። እኔ ሽቦውን ስነካ ድምፁ ከጎረቤቱ ከቀጠነ አገጭህን ቀና አድርግልኝ፤ ከወፈረ ዝቅ። ልክ ከሆነ ገጹን ግለጠው፤ እኔም ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ብዙ ዙር ነው፤ ይደክምሃል። እሷን እወድሻለሁ ብላት አታምነኝም፤ ነግሬያታለሁ፤ ግድግዳውን ነው የምታየው። ይህን ጎማ ግን ካገር ሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች። ልክ ሲሆን ከአልጋዋ ሆና ትሰማዋለች፤ ማንም ምንም ሳይላት። ከዚያ ጊዜ አገኛለሁ። የጆሮዬን ነገር ቀስ ብዬ፣ እህቷ ከሄደች በኋላ፣ ራሴ እነግራታለሁ፤ ምስክር ሁነኝ።" ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ፊቴን ለማየት ጠጋ አለ። "መጥፎ ነገር አስቸገርኩህ፤ አንተ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሰው ነህ፤ ማስመሰል አትወድም። ግን ሌላ ጆሮ የለኝም። ትመጣልኛለህ ወንድሜ?"